ያላሻገረው አሻጋሪ

አንድ አሻጋሪ ነበረ።

ጋሽ ደጀኔ ታሪኩን የጀመሩት እንዲሁ በድንገት ነው። ጠያቂያቸው ኢዮስያስ የሚባል ወጣት የኮሌጅ መምህር ነበር። በማግስቱ የትምህርት ክፍሉ ተሰብስቦ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የአጠናን ዘዴ ትምህርት ይሰጥ አይሰጥ በሚለው ላይ ድምፅ ሊሰጥ ነው፤ ኢዮስያስም ሊቃወም ቆርጧል። «ፈተና አልፈው የመጡ ልጆች ናቸው ጋሼ። እንዴት እንደሚያነቡም እኛ እናሳያቸው? አኝከን እናጉርሳቸው እንዴ?» አላቸው። ሽማግሌው መምህር ፊታቸው ተለዋወጠ። ለዚህ መልሳቸው አሻጋሪው ነበር።

አሻጋሪው የሚውለው አንድ ትልቅ ወንዝ ዳር ነው። ከወንዙ ወዲህ ያለው አገር ደጋ ነው፤ መሬቱ ጠቧል፣ ልጅ ሲያድግ የሚያርሰው የለውም። ማዶ ግን ሰፊ መሬት አለ። የደጋው ሰዎች ተመካክረው ይህን ሰው መረጡና ልጆቻችንን አሻግርልን አሉት። በየዓመቱ መኸር ሲገባ ከየጎተራቸው ቀለቡን ይሰፍሩለታል።

አሻጋሪው ወንዙ ዳር አንድ ከባድ ድንጋይ አስቀመጠ። የመጣውን ሁሉ «አንሳ» ይለዋል። ያላነሳ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ያነሳ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ የአሻጋሪው ሥራ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። አንዳንዱ እንደ ምንም ይሻገራል። አንዳንዱ ውሃ ጠጥቶ፣ እየተንገዳገደ ይመለሳል። አንዳንዱን ወንዙ ይወስደዋል። አሻጋሪው በዚህ አያፍርም፤ እንዲያውም ሊገቡ ሲሉ ሰብስቦ «ደህና ተያዩ፤ ማታ የማትገናኙ አላችሁ» እያለ ይስቃል።

ወደዚህ ወንዝ አንድ ሰው ልጁን ይዞ መጣ። በልጅነቱ ያገባ ሰው ነበርና አባትና ልጅ አብረው ሲሄዱ ወንድማማች ይመስሉ ነበር። ልጁ ከመንደሩ አንደኛ ነው። ድንጋዩን ከመሬት አንስቶ ከራሱ በላይ ሲያደርገው አባትየው የሰዉን ፊት በኩራት አየ። ልጁ አባቱን ስሞ ገባ።

ደጋ ያደገ ልጅ ከምንጭ በቀር ውሃ አያውቅም። ዓይኑን እግሩ ሥር በሚሮጠው ውሃ ላይ ተክሎ በቀጥታ ወደ ማዶ አመራ። ውሃው ጉልበቱ ደረሰ፣ ወገቡ ደረሰ። ራሱ ዞረበት። አንድ ጊዜ ወደ አባቱ ዘወር አለ፣ ከዚያ አልታየም። አባትየው ሊገባ ሲሮጥ ሰዎች ይዘው አስቀሩት። ቀደም ብለው ማዶ የደረሱት ጎረምሶች ነገሩ ቀልድ መስሏቸው «ጎበዙ ገላውን ታጠበ!» ብለው ተሳሳቁ።

ሬሳው ታች፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ተገኘ። አሻጋሪው ቀብር መጥቶ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጠና፣ ያ ልጅ ድንጋዩን ሲያነሳ ከኋላ ሰው ሳይደግፈው አልቀረም አለ። አባትየው ሰማ።

እቤት አንዲት ልጅ ቀርታዋለች፤ የሟች ታናሽ ናት። የሚቀጥለው ዓመት ተራዋ ነው። ሐዘኑ ሳይወጣ አባትየው ጓሮ ሲዞር ልጅቷን ድንጋይ እየመረጠች ስታነሳና ስትጥል አገኛት። ምን እያደረግሽ ነው ቢላት እየተለማመድኩ ነው አለችው። ያኔ ተነስቶ ወደ ወንዙ ሄደ።

እዚያ ተቀምጦ ውሃውን ሲረግም ከረመ። ልጄን የበላ ይለዋል። ታዲያ አመሻሽ ላይ አሻጋሪው ወደ ቤቱ ሲሄድ ያየዋል፤ ቤቱ ማዶ ነው። አሻጋሪው ልጆቹ በሚገቡበት አይገባም። ከፍ ብሎ ወደ አንድ ወርካ ይሄዳል፤ በትሩን ቀድሞ ይተክላል፣ እግሩን ያስከትላል፤ ዓይኑን ከማዶው ዳርቻ ሳይነቅል ሰያፍ፣ ወደ ውሃው መምጫ ዘንበል እያለ ይሄዳል። ሲወጣ ልብሱ አልረጠበም።

አባትየው በትር ቆርጦ በማግስቱ ተከተለው። ሱሪውን ከጉልበቱ በላይ ሰብስቦ በረገጠበት ረገጠ። ውሃው ከጉልበቱ አላለፈም። ማዶ ደርሶ ቁልቁል ደረቅ ሱሪውን አየና ደሙ ፈላ። እስከዚያ ድረስ ጠላቱ ወንዙ ይመስለው ነበር።

አሻጋሪውን ደረቱ ላይ ያዘው።

«ይህን መንገድ ታውቀው ነበር?»

«ለምን አላውቅም፤ የዕለት መንገዴ ነው።»

«ለልጄ ለምን አልነገርከውም?»

«አልጠየቀኝማ።»

«መንገድ መኖሩን ያላወቀ ልጅ ምን ብሎ ይጠይቅህ?»

አሻጋሪው ተቆጣ። እኔን ማን አሳየኝ አለ። ውሃ እየጠጣሁ፣ እየወደቅኩ ራሴ ነኝ ያገኘሁት። ለመጣው ሁሉ ካሳየሁ ማንም እየተነሳ ይሻገራል፤ ታዲያ መሻገር ምኑ ክብር ነው አለ።

አባትየው በትሩን አነሳ። አናቱን ሊለው ነበር። በትሩ አየር ላይ እንዳለ ድንጋይ የምታነሳው ልጁ ትዝ አለችው፤ ይህን ሰው ቢገድለው ለእሷ መንገድ አይሆናትም። በትሩን አወረደና ወደ ወዲህኛው ዳር ተመለሰ።

ጠዋት ድንጋዩን ያነሱት ልጆች ሊገቡ ሲሰናዱ እሱ ቀድሟቸው ገባና መሀል ወንዙ ላይ ቆመ። በዚህ በኩል ኑ አላቸው። በትራችሁን አስቀድሙ፤ ውሃውን አትዩ፣ እኔን እዩ፤ እጅ ለእጅ ተያያዙ። አንዱ አዳለጠው፣ ከጎኑ ያለችው ያዘችው። አንድ ጉልበተኛ ነኝ ባይ ደግሞ መመራት አሳፍሮት በቀጥታ ሲገባ፣ አባትየው ኮሌታውን ይዞ እየጎተተ፣ የእናቱንም ስም ሳይቀር እያነሳ እየሰደበ አወጣው።

አሻጋሪው ዳር ቆሞ ጮኸ። «ይኼማ መሻገር አይደለም፤ አንተ ነህ ያሻገርካቸው!»

«ተሸክሜያቸዋለሁ?» አለ አባትየው። «በማን እግር ነው የሚሄዱት?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያው ቆመ። በዓመቱ ልጁ ስትመጣም ከውሃው አልወጣም፤ በእጁ እያመለከተ አሻገራት። አሻጋሪው ግን ዛሬም ድንጋዩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ቀለቡም ሳይጓደል ይሰፈርለታል።

ጋሽ ደጀኔ ይህን ብለው ወደ ኢዮስያስ ዞሩ።

«ድንጋዩ የመግቢያ ፈተናችሁ ነው። ጉልበት እንዳላቸው አይታችኋል፤ ወንዝ ያውቁ እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቃቸውም። አስተማሪ እያጻፈው የመጣ ልጅ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው መሀል ተቀምጦ ከፈጣን ንግግር ውስጥ ዋናውን ነጥሎ መጻፍ ከየት ያመጣዋል? በደወል የተነሳና የተኛ ልጅ፣ ቀኑ ሙሉ በእጁ ሲሰጠው እንዴት ይከፋፍለው? አንተ ታውቀዋለህ፤ የዕለት መንገድህ ነው። እነሱ ሲሰምጡ ግን የትምህርቱ ክብደት ነው ትላለህ፤ ሲባረሩም ሲገቡ ኮርጀው ነበር ትላለህ።

«አኝኬ ላጉርስ ወይ አልክ። ማንም አጉርስ አላለህም። ማስታወሻ እንዴት እንደሚያዝ አሳየው። ለፈተና ሰሞን ከማከማቸት የዕለቱን በዕለቱ ማንበብ እንደሚሻል ንገረው። ያልገባውን ቢሮህ መጥቶ ቢጠይቅ እንደማትስቅበት ንገረው፤ አትሳቅበትም። ከዚያ ወዲያ የሚያነበው እሱ ነው፣ የሚፈተነውም እሱ ነው። ይህችን ነፍገኸው ከወደቀ ግን፣ አባቱ ግቢው በር ላይ ሻንጣውን ሊቀበለው ሲመጣ፣ ልጅህ ደካማ ነበር እንዳትለው።»