ጨዋዋ ዓሣና እንግዳዋ

ተረት ተረት።
የመስታወት በረት።

በአንድ የመስታወት ባሕር ውስጥ ቢጫ ዓሣ፣ ቀንድ አውጣና ኮራል የሚባል አበባ መሳይ የባሕር እንስሳ በጉርብትና ይኖሩ ነበር። ዓሣዋ ጨዋ ነበረች። ምግብ ከላይ ሲወርድላት ዞር ዞር ብላ «እንብላ» ሳትል አትጎርስም። ጠርጎ መብላት ነውር ነው ብላም ሁልጊዜ ታተርፋለች። ትራፊው ወደ ታች ሰምጦ፣ በስብሶ ማዳበሪያ ይሆናል።

እያደር አልጌ የሚባል አረንጓዴ የውሃ አረም ድንጋዩን ወረሰው።

«እሜቴ ዓሣ፣ አልጌው አንገቴ ደረሰ፤ ብርሃን አጥቼ ልሞት ነው» አለ ኮራል።

ዓሣዋ በቀንድ አውጣ ላይ ተቆጣች። «አንተ ሰነፍ፣ ስትልስ ውለህ ምን ሠራህ?»

«እኔ ከላይ ስልስ አልጌው ከሥር ይበቅላል። ማን እንደሚቀልበው እሱኑ ይጠይቁት» አላት።

እሷም ወደ አልጌው ወርዳ፣ «ማን ጠርቶህ መጣህ?» አለችው።

አልጌው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። «እርስዎ ነዎት እንጂ፣ እሜቴ። በየማዕዱ ‹እንብላ› ይላሉ። ሌላው ‹ይብሉ፣ ጠግቤያለሁ› ይላል። እኔ ግን የትልቅ ሰው ቃል መናቅ አልችልበትም፤ እቀርባለሁ።»

በማግስቱ ምግብ ሲወርድ ዓሣዋ ለሁሉም ጀርባዋን ሰጠች። ትንፍሽ ሳትል የመጨረሻዋን ፍርፋሪ ሳይቀር ለቀመች። እንዲህ እያደረገች ሰነበተች። አልጌው ጠብቆ ጠብቆ ከሳ፣ ከዚያም ቀንድ አውጣ ጨረሰው። እስኪያልቅ ድረስ ግን «ድሮ ስንት ደግ ነበሩ» ይል ነበር።

ኮራልም አበበ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ፤ ፍርፋሪ ግን እንዳታፈሱ።