ወሬ አቀባዩ ፍሪጅ

አንድ ሽማግሌ ነበረ። ቆይ፣ ጥያቄሽን አልዘነጋሁትም። ለእናቴ ቤት ያን በኢንተርኔት የሚሠራውን፣ የሚያየውንና የሚቆጥረውን ዕቃ ላስገባላት ወይስ ይቅር፣ ይጠቅማል ወይስ ገመናዋን ያወጣል ነው ያልሽኝ። እመልስልሻለሁ። ቸኩለሽ እንደመጣሽ አውቃለሁ፤ ግን ቦርሳሽን ከትከሻሽ አውርጂና ቁጭ በይ። በር ላይ ቆሞ ለሚጠይቅ ሰው መልስ መስጠት አልወድም።

ሽማግሌው ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኖታል። ብቻውን ነው የሚኖረው። ሁለት ልጆች አሉት፤ ሁለቱም ትዳር ይዘው ሌላ ከተማ ናቸው። ወንዱ በመኪና የሦስት ሰዓት መንገድ ይርቃል። ደግ ልጅ ነው። ይህን ያዢልኝ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው አትፈልጊ፣ የለም።

ልጁ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይደውላል። «አባዬ፣ እንዴት አደርክ? ቁርስ በላህ?» ይላል። ሽማግሌው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ትንሽ ይጨዋወታሉ። ይኸው ነው። ሽማግሌው ግን ያቺን ስልክ ከነጋ ጀምሮ ነበር የሚጠብቃት። ፊቱን ታጥቦ፣ ጋቢውን አስተካክሎ ነው የሚያነሳት፤ የሚያየው ያለ ይመስል።

አሁን የልቡን ልንገርሽ። የልጁ ሚስት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ሦስተኛውን ስትይዝ ሽማግሌው ለማንም ሳይናገር ወደ ንስሐ አባቱ ሄደ። «ልጅቷ በሰላም እስክትገላገል ድረስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ላልቀምስ ተስያለሁ» አላቸው። ቄሱ አዩት፤ ሽማግሌ ነው፣ ግን ጠንካራ ነው። «ቅዳሜና እሁድን ተው። ከታመምክም ትተወዋለህ፣ በእኔ ይሁን። ደግሞ ለማንም አታውራው፤ ለልጅህም ቢሆን» አሉት። ሽማግሌው ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ለልጁ የሚሰጠው ነገር ካለቀበት ቆይቶ ነበር፤ መሬቱን አውርሷል፣ ምክሩንም ጨርሷል። አሁን ልጁ የማያውቀው አንድ ነገር ሊሰጠው ነው።

ስለዚህ «በላህ?» ሲሉት «ይመስገን» ይላል። በእኛ አገር በዚህ ነውር የለም። በላሁም አላለ፣ አልበላሁምም አላለ። ጠያቂው ፍቅሩን ገልጾ ያልፋል፣ ተጠያቂውም ሳይዋሽ ያልፋል።

አንድ ቅዳሜ ልጁ ትልቅ ነጭ ፍሪጅ በመኪና ጭኖ መጣ። ኢንተርኔቱንም አስገባለት። «አባዬ፣ ይሄ ዘመናዊ ነው፤ ሁሉን ነገር በስልኬ ይነግረኛል» አለው። ሽማግሌው ሲበላሽ የሚነግር መሰለው። መረቀው። እውነቱን ለመናገር ፍሪጁ ጥሩ ነገር ነበር፤ ወተቱ መኮምጠጥ አቆመ፣ ጎረቤቱ የምትሠራለት ወጥም ሦስት ቀን ይቆይ ጀመር። አንድ ቀን በሩን ገርበብ አድርጎ ቢወጣ እንኳ ልጁ ባለበት ሆኖ አውቆ ለጎረቤቲቱ ደውሎ አዘጋው። እኔ ዕቃውን ለመስደብ አይደለም ይህን የማወራሽ።

ሳምንት ሳይሞላ ግን ልጁ ደወለና «አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ የማትነካው?» አለ።

«ማን ነገረህ?» አለ ሽማግሌው።

«ፍሪጁ ነዋ። በከፈትከው ቁጥር ሰዓቱን ይጽፍልኛል። ትናንትም ዘጠኝ ሰዓት፣ ከትናንት ወዲያም ዘጠኝ ሰዓት።»

ሽማግሌው ዞሮ ፍሪጁን አየው። ጥግ ላይ ቆሞ እንደ ወትሮው ያጉረመርማል። በገዛ ቤቱ አፈረ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ብቻውን እንዳልሆነ ተሰማው፤ ደስ የሚል ስሜት ግን አልነበረም። «ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለ። ፍሪጁ ግን ይመስገን የሚባል ነገር አያውቅም። ወይ ተከፍቷል ይላል፣ ወይ አልተከፈተም ይላል።

ልጁ ያንን የፍሪጁን ነገር ለእህቱም ስልኳ ላይ አስጫነላት። እህቱ ደንግጣ «አባቴ እህል አልበላ አለ» ብላ ለአባቷ ጎረቤቶች ደወለች። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሴቶች፣ አንዷ ገንፎ፣ አንዷ ጨጨብሳ፣ አንዷ እንቁላል ይዘው ከተፍ አሉ። ለአንድ ሰው ሦስት ቁርስ። «ኧረ ትንሽ ቅመስ፣ በሞቴ» እያሉ ከበቡት። ሰውየው ሆዴን አመመኝ ብሎ ሸሽቶ ጓሮ ገባ። ትስቂያለሽ፤ እኔም ስሰማ ስቄያለሁ። ከዚያ ደግሞ የማያውቀው ሰው ደውሎ «ለአረጋውያን የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ዱቄት አለን፣ ቤትዎ ድረስ እናመጣለን» አለው። ያ ሰው ከማን እንደሰማ ልጁም አላወቀም፣ እህቱም አላወቀችም። ይህኛው አያስቅም።

ሽማግሌው መላ ፈለገ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ተነስቶ ፍሪጁን ይከፍታል፣ አንድ አባታችን ሆይ ያህል ይቆማል፣ ምንም ሳይነካ ይዘጋል። ከዚያ ሄዶ ይቀመጣል። የልጁ ስልክ ላይ «ተከፈተ» ተብሎ ይጻፋል። ልጁ ተደሰተ፣ አባቱ ዳነለት። ታዲያ ፍሪጁ ከነገረው ምን ያስደውለዋል? ሥራም አለበት፣ ሚስቱም ከብዳለች። የጠዋቱ ስልክ በሁለት ቀን አንዴ ሆነ፣ ቀጥሎ በሳምንት አንዴ።

ሽማግሌው ፊቱን ታጥቦ፣ ጋቢውን አስተካክሎ፣ የማይጠራውን ስልክ ፊት ለፊት አስቀምጦ ይጠብቃል። ሆዱ ተላምዶ ረሃቡን ችሎት ነበር። ይህንን ግን አልቻለውም። ሌላም ነገር ይከነክነዋል። አፉ ለልጁ ዋሽቶ አያውቅም፤ አሁን እጁ በየቀኑ ይዋሻል። ስለ ልጁ የያዘው ንጹሕ ነገር በውሸት እየታጠረ ነው። በዚህ አያያዝ ስእለቴ ምን ስእለት ይሆናል ብሎ አዘነ።

አንድ ጠዋት እጁን የፍሪጁ በር ላይ አሳርፎ ቆመ፣ ሊከፍተው አልሆነለትም። ወተቱንና ወጡን አውጥቶ ለጎረቤቲቱ አደራ ሰጠ። ተመልሶ ጎንበስ አለና ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለው። ጉርምርምታው ጸጥ ሲል ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከዚያ እንደ ልማዱ ስልኩን ቤት ትቶ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ከቅዳሴ በኋላም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ዋለ።

ልጁ ቢሮ ሆኖ ስልኩን ሲያይ ፍሪጁ ጠፍቷል። ይደውላል፣ አይነሳም። ለጎረቤቲቱ ይደውላል፤ ገበያ ወጥታለች፣ ስልኳ ዝግ ነው። ያንን የሦስት ሰዓት መንገድ እንዴት እንደነዳው እሱና ፈጣሪው ይወቁ። ደርሶ በሩን ቢከፍት ቤቱ ባዶ፣ ፍሪጁ ባዶ። አባቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ልጁን ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ የተነቀለውን ገመድ በእጁ ይዞ ሲያለቅስ አገኘው።

«ሞትክ ብዬ ነበር እኮ፣ አባዬ።»

ሽማግሌው አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ ጉልበቱ እንዲያ መቀመጥ ከተወ ቆይቷል። «ይቅር በለኝ። ሳልነግርህ መንቀል አልነበረብኝም» አለው።

«ምን ሆነህ ነው? ንገረኝ።»

ቃሉ ምላሱ ላይ መጣ። ስለ አንተ ነው፣ ስለ ሚስትህ ነው፣ ስለ ማላውቀው ልጅ ነው ሊለው አንድ ሐሙስ ቀረው። ዋጠው። «ልጄ፣ የማልነግርህ አንድ ነገር አለ። በሽታ አይደለም። ክፉም አይደለም። እኔ ዘንድ ይቀመጥ። ታምነኛለህ?» አለው።

ልጁ የያዘውን ገመድ አየ። ማወቅ ለምዷል፤ በየሰዓቱ ማወቅ። በመጨረሻ «አምንሃለሁ» አለ። ስልኩን አወጣና የፍሪጁን ነገር አጠፋው፤ የእህቱንም ደውሎ አስጠፋ። ሶኬቱን መልሶ ሰካና «ማቀዝቀዙን ያቀዝቅዝ፣ ወሬውን ግን ይተው» አለ። አባቱም «ያን የጠዋት ስልክህን ግን አትተውብኝ፤ ፍሪጁ ከመጣ ወዲህ ናፍቄሃለሁ» አለው።

የልጁ ሚስትም ጊዜዋ ሲደርስ በሰላም ተገላገለች። የልጅ ልጁን እቅፉ ውስጥ ሲያስገቡለት ሽማግሌው ለምን እንዲያ እንደሳቀ ከቄሱ በቀር የገባው ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ልጅ አንቺ ነሽ። ያ ሽማግሌ እናትሽ ናት። ዕቃው ይጠቅማል ወይ ላልሽኝ፣ አዎ፣ ይጠቅማል። ሸብረክ ብላ ብትወድቅ ደራሽ የሚጠራላት ነገር ቢኖር እኔም ደስ ይለኛል። ግን ያ ዕቃ በሩን ነው የሚያየው፣ ልቧን አይደለም፤ ያየውንም ላንቺ ብቻ አይደለም የሚናገረው፣ ስማቸውን ለማታውቂያቸው ሰዎችም ነው። እና ከማስገባትሽ በፊት ምን እንደሚያይ፣ ለማን እንደሚናገር አንድ በአንድ ንገሪያት፤ እሺ ካለች እሺ፣ እምቢ ካለችም ለምን ብለሽ አታድርቂያት። እሺ ብትልሽም እሱ ነገረኝ ብለሽ መደወልሽን እንዳትተዪ።

እናቴ ከእኔ የምትሸሽገው ምን አላት እያልሽ ነው፣ ፊትሽ ላይ አያለሁ። የዛሬውን እኔ አላውቅም። ግን አንቺ ያን ከባድ ሕመም ታመሽ በተነሳሽበት ዓመት እናትሽ በየሳምንቱ እዚህ እኔ ዘንድ እየመጣች ስለ አንቺ ያደረገችው ነገር አለ። ምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ አልነግርሽም፤ አደራ ብላኛለች።