አሚን ባይ ያጣች ቤት

ስሟ ይቅርና፣ በአንዲት የድሮ ከተማ ሸህ አብዱልመናን የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ሰው ሲታመም፣ ዝናብ ሲዘገይ አገሩ እሳቸው ዘንድ ይሰበሰባል። እሳቸው ዱዓ ያደርጋሉ፣ የተሰበሰበው አሚን ይላል። ልማዱ ይኸው ነበር።

አንድ ዓመት ወረርሽኝ ገባ። ሸሁ ራሳቸው ጉባኤውን በተኑ፤ "መጠንቀቅም ከዲን ነው" አሉ። ሰዉ ተጨነቀ። የተጨነቀ ሰው ደግሞ ዝም ማለት አይሆንለትም። ጠዋት "በሽታው ጠፋ"፣ ከሰዓት "ማንንም አይምር" ይባላል፤ ሁለቱንም ወሬ የሚያመጣው ያው አንድ ሰው ነበር።

በከተማዋ ዳር የምትኖረው የሩቅያ ባል አህመዲን ታሞ ጓዳ ውስጥ ለብቻው ተኝቷል። ምግቡን በሩ ላይ ታኖርለትና ትንፋሹን ለመስማት ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች። እንቅልፍ አጥታለች። ሶላት ቆማ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለች ይጠፋባታል።

ሸሁ ይህን ሰምተው ከሰዓት በኋላ የአስርን ሶላት ሰግደው መጡና ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሩቅያ እጃቸውን ልትስም ሮጣ፣ አጥሩ ጋ ስትደርስ በሽታው ትዝ አላትና ቆመች።

"ሸህዬ፣ ይድናል ይበሉኝ። እርስዎ ካሉኝ እንቅልፍ ይወስደኛል።"

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። አንዲት ቃል ናት፤ ቢሏት ማንም አይወቅሳቸውም። ሸሁ ግን ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

"አላውቅም ልጄ። ገይቡን፣ የተሰወረውን፣ የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው።"

ሩቅያ አለቀሰች። "እንግዲያው ዱዓ ያድርጉልኝ።"

"ዛሬ አንቺ አድርጊ፣ እኔ አሚን እላለሁ።"

"እኔ? አረብኛ የማላውቀው?"

"አላህ አማርኛም ይሰማል።"

እጇን ዘረጋች። "ያ ረቢ፣ ዛሬ ሾርባውን ይጠጣልኝ።"

"አሚን።"

"ለኔም እንቅልፍ ስጠኝ፣ ደከመኝ።"

"አሚን" አሉ ሸሁ። ከጓዳው ውስጥም የሰለለ ድምፅ "አሚን" አለ።

በማግስቱም መጡ። "እርስዎ አይፈሩም?" አለቻቸው።

"እፈራለሁ እንጂ። ልጄ ካለችበት አገር ወሬ ከተቋረጠብኝ ከረመ። ብቻዬን ዱዓ ሳደርግ አሚን የሚለኝ አጣሁ። የመጣሁት ለዚህም ጭምር ነው።"

አህመዲን ውሎ አድሮ ተነሳ። ከሸሁ ልጅ ዘንድ ግን ወሬ አልመጣም። በሽታው ሲያልፍ ባልና ሚስቱ ሊጠይቋቸው ሄዱ። ሩቅያ የሽማግሌው ፊት ከስቶ ስታይ "ትመጣለች፣ አይስጉ" ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ተወችው።

"ሸህዬ፣ እኛም አናውቅም" አለች። "ግን ይኸው መጥተናል። ዱዓ ያድርጉ፣ አሚን እንላለን።"

ሸሁ አለቀሱ። ከዚያም "የነገውን አላህ ያውቃል፤ የዛሬው አሚን አይቅርብን" አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ወገኖቼ፣ ተወኩል፣ በአላህ መመካት ማለት፣ አለመፍራት የሚመስላቸው አሉ። ሸሁ ግን ፈርተዋል፤ ምርኩዛቸውን አንስተው የወጡትም ፈርተው ነው። ጭንቅ የገባው ጎረቤት ካላችሁ የማታውቁትን ነገ ቃል አትግቡለት። ከደጁ ተቀመጡና የሚለምነውን ስሙት፤ ሲጨርስም አሚን በሉለት።