ኧረ ቁጭ ይበሉ!

ተረት የሚሰማ ይጠጋ፣ የቸኮለ ይሂድ፤ እኔም ብሆን ቆሜ ነው የምነግራችሁ።

እትዬ ድንቄ የሚሏት ሴት ነበረች። ነፍሰ ጡር ልጇ ትሁኔ ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልወርድ ብሏት ከባሏ ቤት መጣች። «እማዬ፣ ካንቺ ጓሮ ጎመን በቀር ምንም አላሰኘኝም» አለች። የነፍሰ ጡር አምሮት ይታለፋል እንዴ! እትዬ ድንቄ ቢላዋዋን ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች።

«ጎመኔ፣ ለልጄ ድረስላት!»

«ይሄ ክሽክሽ የሚሉት ተባይ ቅጠሌን እየመጠጠኝ በምኔ ልድረስ?»

«አንተ ክሽክሽ፣ ጎመኔን ልቀቅ!»

«የሚበላኝ ሳይመጣ? አልለቅም።»

ክሽክሽ ወደምትበላው ቀይ ባለነጠብጣብ ጥንዚዛ ሮጠች። «እባክሽ ክሽክሹን ብዪልኝ! ጎመን ለትሁኔ አልደርስ አለ፣ ክሽክሽ ጎመኑን አልለቅ አለ!»

«ከጓደኞቼ ጋር ስሳሳም ይሄ ቢጫ ሻጋታ ጀርባዬ ላይ ወጣ። እሱ እኔን እየበላኝ እኔ ማንን ልብላ?»

«አንተ ሻጋታ፣ ውረድ! ጎመን ለትሁኔ አልደርስ አለ፣ ክሽክሽ ጎመኑን አልለቅ አለ፣ ጥንዚዛ ክሽክሹን አልበላ አለች!»

«ምን ላድርግ እትዬ? በየቀኑ ‹ልሂድ እንግዲህ› እላለሁ፤ እሷ ‹ኧረ ቁጭ ይበሉ!› ትለኛለች። እንግዳ ሆኜ እንቢ ልበል?»

«ፀሐይዬ፣ አድርቂልኝ! ጎመን ለትሁኔ አልደርስ አለ፣ ክሽክሽ ጎመኑን አልለቅ አለ፣ ጥንዚዛ ክሽክሹን አልበላ አለች፣ ሻጋታ ከጥንዚዛዋ አልወርድ አለ!»

«ጥንዚዛዋ ራሷ ቁጭ ይበሉ ያለችውን እንግዳ እኔ ምን አግብቶኝ!»

ኡፍ! ትሁኔ ከቤት ታቃስታለች። እትዬ ድንቄ እያለከለከች ወደ ጥንዚዛዋ ተመለሰች። «ጎመን አልደርስ አለ፣ ክሽክሽ አልለቅ አለ፣ አንቺ አልበላ አልሽ፣ ሻጋታ አልወርድ አለ፣ ፀሐይ አላደርቅ አለች፤ ሁሉም ያንቺ አፍ ነው! ‹ልሂድ› ሲልሽ ዝም በይ!»

«ነውር አይደል እንዴ!»

«ነውሩ በእኔ ይሁን!»

ሻጋታ እንደ ልማዱ «ልሂድ እንግዲህ» አለ። ጥንዚዛዋ አፏን ግጥም አደረገች። ጠበቀ፤ ጠበቀ። «ልሂድ ነው እኮ ያልኩት» አለ። ዝም። አፍሮ ወረደ።

ገና ከመውረዱ ፀሐይ ሻጋታውን አደረቀች፣ ጥንዚዛ ክሽክሹን በላች፣ የቀረው ክሽክሽ ጎመኑን ለቀቀ፣ ጎመን ድስት ገባ፣ ትሁኔ ሳህኑን ጠርጋ በላች። «በይ እማዬ፣ ልሂድ እንግዲህ» ብላ ስትነሳ እናቷ ቀሚሷን ያዘቻት፤ «ኧረ ቁጭ በይ! እኔ የምሬን ነው።»

እኔም ልሂድ እንግዲህ።

ምነው፣ ዝም አላችሁ?