የቀማሿ ሚዳቋ ዛጎሎች

በዚያ አገር ሥርዓት ነበረ። አንበሳ ይበላል፣ ጅብ ያስበላል፣ የቀረው ይሰበሰባል። ስብሰባ በዚያ ዱር እንደ ሣር ይበቅል ነበር። ሁሉም ይናገራል፣ ሁሉም ይደመጣል፤ የሚሆነው ግን ከስብሰባው በፊት የተቆረጠው ነው። በዚህ ቅር የሚለው አልነበረም። ካለም ቅሬታውን በሆዱ ይዞ ሣሩን ይግጣል።

አገሩ ቆላ ነው፤ በሁለት ተራራ መካከል የተኛ ሸለቆ። ክረምት ሲገባ ከግራም ከቀኝም ጎርፍ ይወርድና ጎሬውን ሁሉ ይሞላዋል። በጋ ሲሆን ደግሞ የቀረው ኩሬ አረንጓዴ ለብሶ ትል ያፈላል። ያንን የጠጣ ግልገል ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል፣ በሦስተኛው ቀን እናቱን ያስለቅሳል። አንበሳ ከተራራው ራስ ስለሚጠጣ ነገሩን የሚሰማው በወሬ ነበር።

መላ የፈጠረው ከርከሮ ነው። ስለ ከርከሮ መልክ የሚወራውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እኔ አልደግመውም። መቆፈር ግን ያውቅበታል። ሰባት ፍልፈሎች ይዞ ጎርፉን ወደ ወንዝ የሚወስድ ቦይ አወጣ። ከምንጩ ሥር ደግሞ ሦስት ጉድጓድ በተርታ አበጀና አንዱን በጠጠር፣ አንዱን በአሸዋ፣ አንዱን በከሰል ሞላው። ውሃው በሦስቱ እያለፈ፣ ውሃ የሚያጠራው የሽፈራው ዛፍ ፍሬ እየተወቀጠ እየተጨመረበት፣ በታችኛው በኩል ጠርቶ ወጣ። በዚያ ዓመት አንድም ግልገል አልሞተም።

ለቁፋሮው ስንቅ ያዋጡት እንስሳት ላመጡት ለእያንዳንዱ ሸክም አንዳንድ ዛጎል ተሰጣቸው። በዚህም የውሃ ማኅበር ቆመ፤ ዛጎል ያለው የማኅበሩ ባለድርሻ ነው። በየመኸሩ ውሃውን የሚጠጣና ጎሬው ከጎርፍ የዳነለት ሁሉ ሥርና ፍሬ ያመጣል፤ አንበሳ ሲሶውን «ለዝናቡ» ብሎ ይወስዳል፤ የተረፈውን ባለዛጎሎች ይካፈሉታል። ዝናቡን የሚያዘንበው አንበሳ ይሁን አይሁን የጠየቀ የለም።

የማኅበሩ ሠራተኛ ጥቂት ነበር፤ አንድ ከርከሮና ሰባት ፍልፈል። የሚከታተሉት ግን፣ ጉድ በሉ፣ ስፍር ቁጥር የላቸውም። ጠዋት ጠዋት ከዋርካው ሥር ይሰበሰቡና ዛጎል ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ፣ ይተነብያሉ። ዋጋውን የምትጮኸው ጦጣ ናት። ከርከሮ ሲያነጥስ ከታየ ዛጎል ይረክሳል፤ ሲስቅ ከታየ ይወደዳል። «ትናንት ሁለት ጊዜ ጭራውን አቁሟል፤ ግዙ» የሚል አለ። ስለ ከርከሮ ጭራ እንዲህ የተራቀቁት እንስሳት ወርደው ቦዩን አይተውት አያውቁም። ይሸታል ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ይሸታል።

ታዲያ ወርደው ካላዩ በምን ያምናሉ? በቀማሽ ነዋ! በዚያ አገር አሳላፊ መጠጥ ሲያቀርብ አስቀድሞ ራሱ ይቀምሳል፤ ሳይቀመስ የሚጠጣ የለም። ማኅበሩም ይህን ልማድ ይዞ ቀማሽ ሾመ። በየስብሰባው ውሃው በቅል ይቀርባል፣ ቀማሿ በሁሉ ፊት ትጎነጫለች፣ ቃሏን ትሰጣለች። የተሾመችው እመት ሚዳቋ ነበረች፤ አፍንጫዋ ስል ነው፣ ዋሽታም አታውቅ። «ሚዳቋ ጥሩ ነው ካለች ጥሩ ነው» እየተባለ ለሌላ ጉዳይ ሁሉ ይተረትባታል። ከመጀመሪያው ጀምራ ስንቅ ስታዋጣ ኖራ አሥራ ሁለት ዛጎል ነበራት። ዕድሜዋ ስለገፋ፣ ሮጣ ማምለጥም እያቃታት ስለመጣ፣ እርጅናዬን የምጦርባቸው እነሱ ናቸው ትል ነበር።

ቆይቶ አያ ጅቦ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆነ። ማን መረጠው አትበሉኝ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እዚህ የሚያውቁት አገር ነው፣ ቢሆንም አነጠፉለት።

በግንቦት፣ ዝናብ ሊጥል ሲል፣ ከርከሮ ጭቃውን እንኳ ሳያራግፍ ከስብሰባው ቆመ። «ወገኖቼ» አለ፣ «ቦዩ ደለል ሞልቶታል። አሸዋውም ሦስት ዓመት ሠርቶ ደክሟል፤ መለወጥ አለበት። የዘንድሮውን ገቢ አትከፋፈሉት፤ ለቆፋሪዎች ስንቅ ይሁን። ይህ ካልሆነ ክረምቱ አይማረንም።»

ከዋርካው ሥር ማጉረምረም ተሰማ። አያ ጅቦ ቀስ ብሎ ተነሣ። ሲናገር ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ውሃም ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

«ወንድማችን ከርከሮ ደክሞታል። እኛም ላቡን እናከብራለን። ነገር ግን ቦይ የሚቆፈረው አንድ ጊዜ ነው። በየዓመቱ ከተቆፈረማ ቦይ ሳይሆን ልማድ ሆነ! ከዛጎላችሁ ላይ ፍሬ እንዳትበሉ የሚፈልግ ማነው? ለመሆኑ ውሃው ምን ሆነ? ቀማሽ አለችን አይደል? ትቅመስና እንስማ።»

ቅሉ ቀረበ። እመት ሚዳቋ አፏን ከማስጠጋቷ በፊት ሸተታት። የጭቃ ሽታ ነው፣ ከጭቃውም ሥር የበሰበሰ ነገር አለ። ጎነጨች፤ ምላሷ ላይ እንደ አተላ ተጎተተ። ቀና ስትል ሁሉም አፏን ያያሉ። ጥሩ አይደለም ብትል ዛጎል ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ጠጠር ይሆናል፤ አሥራ ሁለቱም። ከርከሮ ከወደ ኋላ ቆሞ ይጠብቃታል። እሱ እንኳ አልተጠራጠራትም።

«ጥሩ ነው» አለች።

ጦጣ ጮኸች፣ ዋጋው ዘለለ፣ ገቢው ለክፍፍል ተወሰነ። ከርከሮ ሚዳቋን አያት፤ ጭቃውን ይዞ ወደ ቦዩ ወረደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ሚዳቋም ቃሏን ልመልስ ብትል የምትደርስበት አልሆነም።

ከዚያ ወዲያ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበራት፦ ዝናቡ ሳይጥል ልሽጥ። ግን ከዋርካው ሥር ወጥታ አሥራ ሁለቱንም ብትሸጥ፣ ቀማሿ ሸጠች ይባልና ሁሉም ይነቃል። ይህን እያሰላሰለች ሳለ እመት ድኩላ በራሷ እግር መጣች። ድኩላ ባሏ አምና ለአንበሳ ግብር የገባባት ናት። ሁለት ግልገሎችና ለክረምት ያጠራቀመችው ስንቅ ነበራት፤ ሌላ የላትም።

«እትዬ ሚዳቋ፣ አንቺን ሳላማክር ምን ላድርግ ብዬ ነው የመጣሁት» አለች። «ሁሉም ዛጎል ገዛ። እኔ ብቻ ስንቄን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ልግዛበት ወይስ ልተወው?»

ሚዳቋ ዓይኗን ወደ ግልገሎቹ ላለማሳረፍ ጎርበጥ ያለ ሣር ፈልጋ ነጨች። ተይ ልትላት ይገባ ነበር። ይህንንም ታውቃለች።

«ከሌላ ከምትገዢ» አለች፣ «እኔ አሥራ ሁለቱን ዛጎሌን እሰጥሻለሁ። ለአንቺ ስል።»

«አሥራ ሁለቱንም? ምነው፣ አንቺስ?»

«እኔ አርጅቻለሁ። ልጆች ያሉሽ አንቺ ነሽ።»

ድኩላ አንገቷን ደፍታ ጉልበቷን ሳመቻት። «ውለታሽን እግዜር ይክፈልሽ» አለቻት። ይህ ምርቃት ሚዳቋን ከእርግማን ይልቅ ወጋት፤ ቢሆንም ስንቁን ተቀበለች።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ጣለ። ለሦስት ቀን ያለ ማቋረጥ። ቦዩ እስከ አፉ ደለል ነበርና ጎርፉ መሄጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ሦስቱን ጉድጓዶች አልፎ ምንጩ ውስጥ ገባ። ከምንጩ ወደ ጎሬዎቹ፣ ከጎሬዎቹ ወደ ሆድ። በሳምንቱ ሸለቆው ውስጥ ያላስቀመጠው ግልገል አልነበረም። የድኩላ ታናሹ ግልገል በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ሚዳቋ ለቅሶ ሄደች። እንዴት ትቀራለች? ከሁሉም በላይ ያለቀሰችው እሷ ነበረች፤ መሬቱን እየቧጠጠች «እኔን፣ እኔን» እያለች አለቀሰች። ለቀስተኛው አዘነላት። ድኩላ ራሷ ከልጇ አጠገብ ተነሥታ መጣችና ደገፈቻት። «አይዞሽ፣ እትዬ። አንቺ ምን በደልሽ?» አለቻት። ሚዳቋ በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር። መሬት ግን ረግረግ ሆና እንኳ አልዋጠቻትም።

ጩኸቱ ሲበዛ አንበሳ ከተራራው ወረደና ታላቅ ጉባኤ ተጠራ። «ሕዝቤ ታሟል» አለ አንበሳ፣ «አጥፊው ማነው?»

አያ ጅቦ እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ቦዩን የቆፈረው ከርከሮ ነው። ቦዩ ተደፈነ። የቆፈረው ሌላ ቢሆን ሌላ እንል ነበር።»

«እውነት ነው! እውነት ነው!» አለ ጉባኤው።

ከርከሮ አንገቱን ደፋ። «ተናግሬ ነበር» አለ፣ ዝግ ብሎ። የሰማው የለም። ሚዳቋ ግን ሰማችው፤ አጠገቡ ነበረች። እግሮቿ ሳታዝዛቸው ወደ መካከል ወሰዷት።

«አጥፊዋ እኔ ነኝ!» አለች። «በግንቦት የቀመስኩት ውሃ ይሸት ነበር። ምላሴ ያውቀዋል። ዛጎሎቼ እንዳይረክሱ ብዬ ጥሩ ነው አልኩ፤ ከዚያም ሸጥኳቸው። ከርከሮ እውነቱን ተናግሯል። ውሃው ያን ጊዜም የተበላሸ ነበር፣ ዛሬም የተበላሸ ነው። አትጠጡ!»

ሚዳቋ የጠበቀችው ድንጋይ ነው፤ ቢወግሯት ይቀላት ነበር። የመጣው ግን ሌላ ነው።

«ኧረ ዝም በይ!» ብላ ጦጣ ከዋርካው ላይ ጮኸችባት። «ይህ እኮ በአደባባይ የሚነገር አይደለም። ዛጎል የያዘ ስንት ነፍስ አለ!»

«እውነት ነው! እውነት ነው!» አለ ጉባኤው፣ በዚያው ድምፅ። ልጁን ትናንት የቀበረ ጎሽ እንኳ ስድስት ዛጎል ነበረውና አብሮ ጮኸ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ፤ ሁሉም የጠጣውን ያውቀዋል።

አያ ጅቦ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። «እመት ሚዳቋ ለቅሶው ጎድቷታል። እንዲህ ያለች ሩኅሩኅ ቀማሽ ስላለችን ልንኮራ ይገባናል።»

አንበሳ ፈረደ። ከርከሮ ከነፍልፈሎቹ ከሸለቆው ይውጣ፤ ሚዳቋ የተናገረችው እንዳልተነገረ ይቆጠር፤ ነገ ፀሐይ ሞቅ ሲል ውሃው በሁሉ ፊት እንደገና ይቀመስና ሕዝቡ ይረጋጋ። ቀማሿም ያቺው ትሁን፤ ሌላ ማን ይታመናል?

በማግስቱ ጠዋት ሚዳቋ ከጎሬዋ ደጅ ተቀምጣ ሳለ ድኩላ የተረፈውን ግልገሏን ይዛ መጣች። ግልገሉ ከስቶ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ሚዳቋ ስታያት በጉልበቷ ወደቀች።

«ግደይኝ» አለች። «አውቄ ነው የሸጥኩልሽ።»

«ሰምቻለሁ። ጉባኤው ላይ ነበርኩ።»

«ስንቅሽን እመልሳለሁ።»

«ከየት አምጥተሽ? የበላሽውን በልተሻል፣ የቀረውን ጎርፍ ወስዶታል። ጎሬሽን አይቼ ነው የመጣሁት።» የድኩላ ድምፅ አይቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ተነሺ። አንድ ነገር ልለምንሽ ነው። ዛሬ ስትቀምሺ ጥሩ ነው በይ።»

ሚዳቋ የሰማችውን አላመነችም። «ምን አልሽ?»

«ጥሩ ነው በይ። አሥራ ሁለቱን ዛጎል እስክሸጥ ድረስ ብቻ። ሌላ ምን አለኝ? ይህን ልጅ ይዤ በምን ክረምቱን ልውጣ? ከሸጥኩ በኋላ የፈለግሽውን ተናገሪ።»

«ድኩላዬ፣ የሚገዛሽ እናት ብትሆንስ? ልጅ ያላት ብትሆንስ? ለማን ልትሸጪ ነው?»

ድኩላ ግልገሏን ወደ ጎኗ አስጠጋችው። «አላውቃትም» አለች። «እኔስ ለማላውቃት ነው የምሸጠው። አንቺ እኔን ታውቂኝ ነበር።»

ድኩላም መልስ አልጠበቀችም፤ ግልገሏን ከፊቷ አድርጋ ዛጎሎቿን ለመያዝ ወደ ቤቷ ሄደች። ፀሐይ ሞቅ ብላለች፤ ከታች ጦጣ ሕዝቡን እየጠራች ነው። ሚዳቋ ተነሥታ ወረደች፤ ጉባኤውም መንገድ ለቀቀላት፣ ቅሉንም አቀበሏት፣ እሷም ጎነጨች፤ ሁሉም አፏን ማየት ጀመሩ።