ዕጣ ያልወጣለት እንግዳ

ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ለሚልኩ ድሆች በየወሩ ገንዘብ በሚታደልበት ቀበሌ አንዲት መልስ የማታጣ ሴትዮ ነበረች። ሦስቱንም ልጆቿን አንድ ቀን ሳታስቀር ብትልክም አምስት ሳንቲም አልደረሳትም። ከሾፌሩ ጋር ከከተማ የሚመጣው ትልቅ አጥኚ ግን በየዓመቱ «በቀን ስንቴ ትበያለሽ?» እያለ ይጠይቃታል።

ዘንድሮ መረራትና «ለጎረቤቴ ተሰጥቶ እኔን ምነው ዘለላችሁኝ?» አለችው።

«በዕጣ ነዋ! ገንዘቡ መጥቀሙን የምናውቀው ያገኘውን ካላገኘው ጋር ስናስተያይ ነው» አላት ኮራ ብሎ።

«እንዲያ ነው እንዴ?» ብላ ገባች። ቅቤ በቅቤ የሆነ ገንፎ ይዛ ወጣችና ከሾፌሩ ፊት ብቻ አስቀመጠች። አጥኚው ምራቁን እየዋጠ «የእኔስ?» ቢላት፣

«ገንፎዬ ማጥገቡን በምን ልወቅ ጌታዬ? ዕጣው ለሾፌርዎ ወጣ። እርስዎ እያዩ ይቆዩኝ፤ ለከርሞ እመጣና በቀን ስንቴ እንደሚበሉ እጠይቅዎታለሁ» አለችው።