የአንበሳ ጓዳ ዘበኛ ፈተና

አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ አያ አንበሳ እግሩን እሾህ ወግቶት ማደን አቃተው። ጓዳው ውስጥ ለክረምቱ ለራሱና ለደቦሎቹ ያስቀመጠው ሥጋ ነበርና «ዘበኛ እቀጥራለሁ፤ የተቀጠረው ከአጥሬ ውስጥ ያድራል» ብሎ አስነገረ።

ይህን የሰማች እመት አህይት መቆምም መተኛትም አቃታት። ታላቅ እህቷን አምና ጅብ በልቶባታል። እሷም የምታድረው ሜዳ ላይ ነው፤ ኮሽ ባለ ቁጥር እየበረገገች። ከአንበሳ አጥር ውስጥ ማደር ማለት ለእሷ በሕይወት መክረም ማለት ነበር። በማለዳ ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። ዞር ስትል ምን ብታይ ጥሩ ነው? አያ ጅቦ ከኋላዋ ተሰልፏል! እግዚኦ!

ፈታኙ ቀበሮ ነው። «ጌታዬ፣ መልክ አይቶ መቅጠር ድሮ ቀረ፤ አሁን በፈተና ነው» ብሎ አንበሳን አሳምኖታል።

«የፍየልና የድኩላ ሥጋ በጨለማ በምን ይለያል?» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ።

«በጠረኑ!» አለ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ።

«መቅኒ የሚበዛው የትኛው አጥንት ነው?»

«የጭኑ! አምጣውና ላሳይህ!»

«አንቺስ?»

እመት አህይት ጆሮዋን ወዲያ ወዲህ አወናጨፈች። «እኔማ የማውቀው ሣር ነው። ግን እንቅልፍ የለኝም፤ ኮሽ ሲል እሰማለሁ፤ ስጮህም አገር ይሰማል...»

«ያልተጠየቅሽውን አትመልሺ! ዜሮ!»

ለጅብ የሥጋ አደራ እንደማይሰጥ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። አንበሳ ሆዬ ግን ነጥቡን አየና ጅቦን ቀጠረው። እመት አህይት ወደ ሜዳዋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ አንድ ዓይኗ ሣሩ ላይ፣ አንድ ዓይኗ ጫካው ላይ ሆኖ የበላችው አልዋጥ እያላት ከሳች።

ዝናቡ መጣ። ደቦሎቹ ሲርባቸው አንበሳ እያነከሰ ሄዶ ጓዳውን ከፈተ። ጅቦ ሆዱ ተነፍቶ ተዘርሯል፤ ሥጋ የሚባል ነገር የለም።

«ሥጋዬስ?» ብሎ አገሳ።

«እንዳይበላሽ እየቀመስኩ ነበር፣ ጌታዬ» አለ ጅቦ። «ሙዳ ሙዳውን ግን ቀበሮን ይጠይቁት! አንተ እንድታልፍ አድርጌ ጥያቄውን አወጣለሁ፣ ሥጋውን እኩል እንካፈላለን ብሎኝ፣ ለእኔ አጥንቱን ነው የተወልኝ!»

በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ቀበሮ ይህን ሲሰማ እግሬ አውጪኝ አለ። ጅቦም በአንበሳ ጥፊ ተንከባሎ እያላዘነ ሸሸ።

አንበሳ እመት አህይትን አስጠራት። እሷም መጣች።

«አንቺ፣ ሥጋ ትበያለሽ?»

«ኧረ በስመ አብ! አፌም አይነካው።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?»

«ጌታዬ፣ እሱን ማን ጠየቀኝ?»

አንበሳ በሩን ከፈተላትና ገባች። የምትጠብቀው ሥጋ ግን አልነበረም፤ ደቦሎቹም ያን ክረምት ሲራቡ ከረሙ።

ከዚህ የምንማረው፣ ጥያቄው ከሥራው ጋር መገናኘቱን ሳያጣራ በነጥብ ብቻ የሚቀጥር ሰው፣ ጓዳውን በገዛ እጁ ለሌባ እንደሚከፍት ነው።